ለግል ድረ ገጽ ሶፍትዌር ስንመርጥ መውጫውን እናስቀድም

ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት በአማርኛ ከተጻፉት ጥሩ ጥሩ መጣጥፎች ብዙዎቹ የወጡት በመጽሔት ወይም በመጽሐፍ ሳይሆን በፌስቡክና በቴሌግራም ነው። የታሪክ ሙግት፣ የሕግ ማብራሪያ፣ የሕክምና ምክር፣ የጉዞ ማስታወሻና የልጅነት ትዝታ ተጽፈው፣ ሁለት ሦስት ቀን ተነብበው፣ አስተያየት ጎርፎባቸው፣ ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ራሱ እንኳ ፈልጎ በማያገኛቸው ክምር ውስጥ ገብተዋል። ይህ ያሳሰባቸው ሰዎች አሁን አሁን የራሳቸውን ድረ ገጽ ለመክፈት ይነሣሉ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም ብዙውን ጊዜ «ዎርድፕረስ ይሻላል ወይስ ብሎገር?» የሚል ነው። መልስ የሚሰጧቸውም የእነዚህን ሁለት የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌሮች መልክ፣ ዋጋና ቅለት ያወዳድሩላቸዋል። ሦስቱም ተገቢ መመዘኛዎች ናቸው። ከሁሉ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ፦ አንድ ቀን ይህን ሶፍትዌር ትቼ መሄድ ብፈልግ ወይም አገልግሎቱ ቢዘጋብኝ፣ የጻፍኩትን ሁሉ ከነአድራሻው ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?

ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ የግል ገጾችን ያስተናገደው ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ተዘጋ። ፖስተረስ የተባለው የብሎግ አገልግሎት በ2013 ተከተለው። ከ2003 ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ታይፕፓድ ደግሞ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በሩን ሲዘጋ፣ ጽሑፋቸውን እንዲያወጡ ለደንበኞቹ የሰጠው ጊዜ ከአንድ ወር ብዙም አይበልጥም ነበር። ሃያ ዓመት የጻፈ ሰው ያን ያህል ጊዜ ያከማቸውን በአንድ ወር ውስጥ አውርዶ፣ ሌላ ቦታ ፈልጎና አደራጅቶ መጨረስ ነበረበት።

ፌስቡክም ቢሆን የጻፉትን ለማውረድ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የአማርኛ ጸሐፊ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጉድለት አለበት። ፋይሉን ከማውረዳችን በፊት ኤችቲኤምኤል ወይም ጄሰን ከሚባሉት ሁለት የፋይል ዓይነቶች አንዱን እንድንመርጥ ይጠይቃል። ጄሰንን የመረጠ ሰው ፋይሉን ሲከፍት «ሰላም» ብሎ የጻፈውን ቃል አያገኘውም፤ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ትርጉም ወደሌላቸው ሦስት ምልክቶች ተሰባብሮ ይጠብቀዋል። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ በሚጻፉ ቋንቋዎች ሁሉ የሚታይ የቆየ ችግር ሲሆን፣ ለፕሮግራም አዋቂ የሚጠገን ቢሆንም ለሌላው ሰው ጽሑፉ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ አካውንታችሁን ልትዘጉ ያሰባችሁ ኤችቲኤምኤልን ምረጡ፤ ያወረዳችሁትንም ከፍታችሁ ሳታነቡ ምንም ነገር አትሰርዙ።

ከሶፍትዌሩ በፊት የሚመጣው የአድራሻ ጉዳይ ነው። በግንቦት 1998 ዓ.ም. የብሎገር ብሎጎች አድራሻ የሆነው ብሎግስፖት በኢትዮጵያ ውስጥ ሲታገድ፣ የታገደው አንድ የፖለቲካ ጸሐፊ ሳይሆን በዚያ ስም ሥር የተከፈተ ብሎግ ሁሉ ነበር፤ ስለ ግጥምም ሆነ ስለ ምግብ አሠራር የሚጽፍ ሰው ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ተዘጋ። የራስ ዶሜይን፣ ማለትም በራሱ ስም የተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ፣ ያለው ሰው ከእገዳ ሙሉ በሙሉ ይድናል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በሌላው ምክንያት የመታገዱ ዕድል ያነሰ ነው፤ ሶፍትዌሩን ወይም ሆስቲንጉን፣ ማለትም ገጹ የሚቀመጥበትን የኪራይ ሰርቨር፣ ቢቀይርም አድራሻው አብሮት ይሄዳል፤ አንባቢውም፣ ጎግልም፣ በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ የተጠቀሱት ሊንኮችም ሳይጠፉበት ይቀጥላል። ለአንድ ዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር በሚደርስ ክፍያ የሚገኝ ስለሆነ፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ከሌላው ሁሉ ቀንሶ ይህን ቢገዛ እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ አገር ቤት ያለው ጸሐፊ የሚገጥመውን እውነተኛ ችግር መዝለል አይገባም። የብር ካርድ በውጭ ድረ ገጾች ላይ በአብዛኛው አይሠራም። የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም የዚያው 15 ዶላር ዋጋ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ የተለመደው ዘዴ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍል ማድረግ ነው። ዘመድየው በቅንነት ይከፍላል፤ ዶሜይኑን ግን በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርዱ ሲቀየር የማሳሰቢያ መልእክቱ ለእሱ ይደርሳል፤ ሥራ በዝቶበት ሳያየው ያልፋል፤ ዶሜይኑም ይለቀቃል። የተለቀቀን ስም አድፍጠው የሚገዙ ነጋዴዎች ስላሉ፣ ትናንት የአንድ ደራሲ ገጽ የነበረው አድራሻ ዛሬ የቁማር ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከፋዩ ማንም ይሁን ማን ምዝገባው በጸሐፊው ስምና ኢሜይል ይሁን፣ ከተቻለም የበርካታ ዓመታት ክፍያ በአንድ ጊዜ ይፈጸም፤ እንደ ዶት ኮም ያሉት ስሞች እስከ አሥር ዓመት ድረስ በቅድሚያ ሊያዙ ይችላሉ። በብር የሚከፈላቸው አገር ውስጥ ያሉ አቅራቢዎችም ስላሉ እነሱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ዎርድፕረስን ነው፤ ይኸውም ዎርድፕረስ ዶት ኮም የሚያስተናግደውን የኪራይ አገልግሎት ሳይሆን፣ በራስ ሆስቲንግ ላይ የሚጫነውን ነጻ ሶፍትዌር። ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ሠሪው የተወውን ቢቱ የተባለ የብሎግ ሶፍትዌር ወስደው ዎርድፕረስን እ.ኤ.አ. በ2003 አወጡ። ይህን ማድረግ የቻሉት የቢቱ ፈቃድ ማንም ኮዱን ወስዶ እንዲቀጥልበት ስለሚፈቅድ ነው። በቀጣዩ ዓመት በዘመኑ ታዋቂ የነበረው የብሎግ ሶፍትዌር ሙቬብል ታይፕ የፈቃድ ውሉንና ዋጋውን ሲቀይር ብዙ ብሎገሮች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ዎርድፕረስ ገቡ። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉ ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚህ ሶፍትዌር ይሠራሉ። ለእኔ ከዚህ ቁጥር የሚበልጠው ግን የፈቃዱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሙለንዌግ ደብሊውፒ ኤንጂን ከተባለው የሆስቲንግ ኩባንያ ጋር በአደባባይ ሲጣላና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ የሶፍትዌሩ ዕጣ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ ብዙዎች አይተው ደንግጠዋል። ድንጋጤው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ዎርድፕረስ ራሱ የተወለደው ከሌላው ኮድ ስለሆነ፣ ነገ እሱም ቢበላሽ ኮዱን ወስዶ የሚቀጥል አይከለከልም። የተዘጋ አገልግሎት ይህን ዋስትና አይሰጥም።

ዎርድፕረስ ለአማርኛ እንከን የለሽ ነው ማለት ግን አይደለም። ርእሱን በአማርኛ ስንጽፍ የገጹን አድራሻ ከዚያው ርእስ ይሠራል፤ ለአድራሻው የተመደበው ቦታ ደግሞ 200 ምልክት ነው። በኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል በመቶኛ ምልክቶች፣ በቁጥሮችና በላቲን ፊደላት ተተክቶ ዘጠኝ ምልክት ስለሚወስድ፣ የሚገባው ቢበዛ 22 ፊደል ብቻ ነው። «የአዲስ አበባ የድሮ ቤቶችና የባለቤትነት ታሪካቸው» የሚል ርእስ ብንሰጥ «ታሪካቸው» የሚለው ቃል ከአድራሻው ላይ ተቆርጦ ይቀራል። የተረፈውንም ኮፒ አድርገን በቴሌግራም ስንልከው ብዙ ጊዜ የሚታየው ረጅም የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ነው፤ ያን ያየ ሰው የማጭበርበሪያ ሊንክ መስሎት ሳይነካው ያልፋል። ስለዚህ ጽሑፉን ከማውጣታችን በፊት አድራሻውን በላቲን ፊደል፣ በሦስት ወይም በአራት አጭር ቃል በእጃችን መጻፍ አለብን። ካወጣን በኋላ መቀየር ያሰራጨነውን ሊንክ ሊሰብር ይችላልና ከመጀመሪያው ልማድ ማድረጉ ይበጃል። ዎርድፕረስ ቀኑንም የሚጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ፣ የኢትዮጵያውን ቀን ከጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ራሳችን ብናሰፍር ከዓመታት በኋላ የሚያነበው ሰው አይደናገርም።

ከዎርድፕረስ ጋር በተያያዘ አጥብቄ የምቃወመው ገጽን በመጎተትና በመጣል ለማስዋብ የሚጫኑትን ግዙፍ ፕለጊኖች (ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ነው። አንዳንዶቹ ጽሑፉን በራሳቸው ኮድ ይጠቀልሉታል። ፕለጊኑን ያነሡ ዕለት በየአንቀጹ መካከል በቅንፍ የታጠረ ትርጉም የለሽ ኮድ ብቅ ይላል፤ ሁለት መቶ ጽሑፍ ያለው ሰው ያንን በእጁ ሲለቅም ይከርማል። መውጫ የነበረው ሶፍትዌር በፕለጊን ምክንያት መውጫ ያጣል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ አንባቢያችን አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ፣ በገዛው የዳታ ጥቅል ነው የሚያነበን። አንድ ሺህ አምስት መቶ ቃል ያለው የአማርኛ መጣጥፍ እንዳለ ከ30 ኪሎባይት አይበልጥም፤ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ሳይቀነስ ሲጫን ግን ብቻውን ሦስት ወይም አራት ሜጋባይት ይሆናል። ለጌጥ ብለን የምንጨምረውን ሁሉ የሚከፍልልን አንባቢው መሆኑን መርሳት የለብንም።

ቴምፕሌት፣ ማለትም ዝግጁ የገጽ ንድፍ፣ ስንመርጥም የማሳያውን ውበት አንመን፤ ማሳያው የተሠራው በላቲን ፊደል ነው። የራሳችንን ረጅም የአማርኛ አንቀጽ፣ ጥቅስና ንዑስ ርእስ አስገብተን በስልክ እንየው። ብዙ ቴምፕሌቶች ጥቅስን ያዘነብላሉ፤ የእኛ ፊደል ግን የተዘነበለ ቅርጽ ስለሌለው ኮምፒዩተሩ በግድ ያጋድለውና ለዓይን ይከብዳል። በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተትም ለላቲን የተለካ ስለሆነ ለአማርኛ ይጠብባል። እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያለ ነጻ ፎንት አስገብቶ ክፍተቱን ሰፋ ማድረግ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የገጹን መልክ ግን ፈጽሞ ይለውጠዋል።

ለሆስቲንግ የሚከፍለው የሌለውን ሰው ብሎገርን ከመጠቀም አልከለክለውም። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ብሎገር በ2003 በጎግል ተገዝቶ እስከ ዛሬ በነጻ ይሠራል፤ የራስን ዶሜይንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀበላል፤ ጽሑፎችንም አውርዶ ለመሄድ ይፈቅዳል። ሆኖም የአማርኛ ርእስን ለአድራሻ አይጠቀምበትም። ስለዚህ የብዙ የአማርኛ ብሎጎች ጽሑፎች «ብሎግ ፖስት» የሚል የላቲን ስምና ቁጥር ብቻ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ይህንንም በእጅ በማስተካከል መከላከል ይቻላል። ጎግል ሪደርን በ2013፣ ጎግል ፕላስን በ2019 የዘጋ ኩባንያ ብሎገርን ለዘላለም ያቆየዋል ብሎ መተማመን ስለማይገባ፣ ዶሜይን መግዛትና ቅጂ ማውረድ ለብሎገር ተጠቃሚ ይበልጥ ግዴታ ነው።

ጽሑፍን ለአንባቢዎች በኢሜይል የሚልከው ሰብስታክ የተባለው አገልግሎት የኢሜይል አንባቢዎችን ዝርዝር ይዞ ለመውጣት ስለሚፈቅድ በዚህ አመሰግነዋለሁ። ውጭ አገር ለሚኖር ጸሐፊ የገቢ ምንጭም ሊሆን ይችላል፤ ክፍያውን የሚያስተናግደው ስትራይፕ በኢትዮጵያ ስለማይሠራ ግን አገር ቤት ላለው ሰው ይህ ጥቅሙ ይቀርበታል። ጎስት በጣም ጥሩ ሶፍትዌር ነው፤ በርካሽ ሆስቲንግ ላይ በቀላሉ ስለማይጫን ለጀማሪ አልመክረውም።

ከሁሉም በላይ በመውጫው የማምነው እንደ ጄክልና እንደ ሁጎ ያሉትን የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌሮች ነው። እነዚህ ዳታቤዝ የላቸውም፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ማርክዳውን በሚባል ቀላል አጻጻፍ የተዘጋጀ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ በጸሐፊው ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ ሶፍትዌሩ ከዚያ ፋይል ገጹን ሠርቶ ያወጣዋል። ሶፍትዌሩ ነገ ቢጠፋ ፋይሎቹ በማንኛውም መሣሪያ ይነበባሉ። ገጹ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ስለሌለውም ሰብሮ ለሚገባ ሰው ብዙ ቀዳዳ አይሰጥም፤ በነጻ የሚያስተናግዱም አሉ። ችግሩ ትእዛዝን በጽሑፍ እየሰጡ መሥራትን መልመድ የሚጠይቅ መሆኑና ከስልክ ላይ ለመጻፍ አለመመቸቱ ነው። ብዙ ጸሐፊዎቻችን ሙሉ መጣጥፍ በስልክ እንደሚጽፉ አውቃለሁና በዚህ ምክንያት ብቻ ለሁሉም አልመክረውም። ኮምፒዩተር የሚደፍር ወጣት በአቅራቢያው ያለው ሰው ግን ይህን ቢመርጥ ደስ ይለኛል።

«አንባቢው ያለው ፌስቡክ ላይ ነው፤ የራስን ገጽ ማን ይጎበኘዋል?» የሚለውን ክርክር በቁም ነገር እቀበለዋለሁ። ፌስቡክንና ቴሌግራምን መተው አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተሉን መቀየር ግን ያስፈልጋል። ጽሑፉ መጀመሪያ በራስ ገጽ ይውጣ፤ ከዚያ ሙሉውን ወይም ግማሹን ከነሊንኩ በፌስቡክና በቴሌግራም እንልቀቀው። ፌስቡክ ለሦስት ቀን አንባቢ ይሰጠናል፤ የራሳችን ገጽ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ በጎግል የሚፈልገንን ሰው ያመጣልናል።

የመፈለግን ነገር ካነሣሁ፣ የአማርኛ ተናጋሪ ፕሮግራመሮችን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ከዎርድፕረስ ጋር አብሮ የሚመጣው መፈለጊያ ፊደልን ከፊደል ጋር ብቻ ስለሚያስተያይ፣ በ«ሠ» «ሠላም» ብሎ የፈለገ አንባቢ በ«ሰ» የተጻፈውን «ሰላም» አያገኝም፤ «ጸሐይ» እና «ፀሐይ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ለመፈለጊያው የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ትንሽ ፕለጊን ለመሥራት የሚያስፈልገው አጭር የፊደላት ሠንጠረዥና ጥቂት ቀናት የሚወስድ ሥራ ነው። ይህን ሠርቶ በነጻ ፈቃድ የሚለቅ፣ ዎርድፕረስ በተቀየረ ቁጥርም የሚያድሰው ሰው ቢገኝ፣ ፕለጊኑን በጫነ የግል ገጽ ሁሉ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ለፈላጊው ያቀርበዋል።