ሪላክሰር ከማለትሽ በፊት ውሃ አለ ወይ በይ

ጸጉር ምግብ አይበላም። ይህን በየቀኑ እናገራለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው። ከራስ ቆዳ በላይ የወጣው ጸጉር በሕይወት የለም። ሲቆረጥ የማያመው ለዚህ ነው። ጠርሙስ ላይ «ቫይታሚን»፣ «ፕሮቲን»፣ «ጸጉር የሚመግብ» ተብሎ የሚጻፈው ሁሉ ሊያለሰልስ ይችላል። ሊያበራ፣ ሲበጠር እንዳይበጣጠስ ሊያግዝም ይችላል። መመገብ ግን አይችልም። ምግቡ በአፍ ነው የሚገባው፤ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል። እሱም ተበልቶ ጸጉር የሚያድገው በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቲክቶክ ላይ «በሁለት ሳምንት ወገብሽ ይደርሳል» የምትል ቅባት ሻጭ ካየሽ፣ እዚያ ወገቧ ላይ የተዘናፈለው ተገዝቶ የተቀጠለ ሂውማን ሄር ነው።

ጸጉር የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ነው። ከአዲስ አበባ ዳር፣ የአዳማው ፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር። ደንበኞቼ የብሎኩ እናቶች፣ ገላንና ዱከም ፋብሪካ የሚውሉ ሴቶች፣ ተማሪዎች ናቸው። ፋሽን እኛ ጋ አይዘገይም። ቦሌ ዛሬ የተሠራውን ማታ ስልክ ላይ ያዩትና ጠዋት እኔ ጋ ይመጣሉ። ችግሩ ፋሽኑ ብቻውን መምጣቱ ነው። የሚፈልገው ውሃ፣ መብራትና ጊዜ አብሮት አይመጣም።

ጸጉር የሚያቀናውን ክሬም፣ ሪላክሰርን፣ እንይ። ሪላክሰር ጸጉርን የሚያቀናው ውስጡ ያለውን ማሰሪያ በጥሶ ነው። በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ነው። የተደፈነ ቱቦ ለመክፈት የምንደፋው ኮስቲክ ሶዳ ራሱ፤ መጠኑ አንሶ በክሬም የተለወሰ። ሁለተኛው «ኖ ላይ» (ኮስቲክ ሶዳ የሌለው) የሚባለው ሲሆን ሁለት ዕቃ ተቀላቅሎ ነው የሚቀባው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አለበት። ለራስ ቆዳ ትንሽ ይሻላል፣ ጸጉሩን ግን ያደርቃል። ሁለቱም ጸጉር ላይ እስካሉ ድረስ ሥራቸውን አያቆሙም። የሚያስቆማቸው መታጠብ ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ። ጸጉሩን አራት ቦታ እከፍላለሁ። ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ ማጅራቷን ቫዝሊን እቀባለሁ። ጓንት አጠልቃለሁ። ከኋላ እጀምራለሁ፤ የግንባር ጸጉር ስስ ስለሆነ መጨረሻ ነው የሚነካው። ሰዓት እይዛለሁ። ደቂቃው ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ አላልፍም። ከዚያ ክሬሙን በውሃ ብቻ አወርዳለሁ። ቀጥሎ የክሬሙን ኃይል የሚያጠፋው ኒውትራላይዘር ሻምፖ ነው። ብዙዎቹ ቀለም አላቸው፤ ክሬም ከቀረ አረፋው ሮዝ ይሆናል። ነጭ እስኪሆን ድረስ ይታጠባል። አንዳንዴ ሦስቴ፣ አንዳንዴ አራቴ። ጸጉሯ ረጅም ከሆነ የሃያ ሊትር ጀሪካን የሚገመሰው ገና ክሬሙ ሲወርድ ነው።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ሮቶ ያለው በሮቶው፣ የሌለው ጀሪካን ደርድሮ ይጠብቃል። ውሃ ሲያጥር ምን ይደረጋል? አረፋው ገና ፈዘዝ ያለ ሮዝ እያለ «በቃ ይሄ ነጭ ነው» ይባላል። ልጅቷ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ትገባለች። አምሮባት ትወጣለች፣ ፎቶ ትነሣለች። ከሳምንታት በኋላ ጸጉሯ እፍኝ እፍኝ እያለ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ያኔ የሚሰደበው ክሬሙ ነው። «ፌክ ነው የቀባችኝ» ትላለች። ክሬሙ ግን ኦርጂናል ሊሆን ይችላል። የጎደለው ውሃ ነው። ውሃ በሌለበት ቀን ሪላክሰር አልሠራም ስል ሌላ ጸጉር ቤት የሚሄዱ አሉ። ይሂዱ።

ልጆችንም አልሠራም። ካርቶኑ ላይ የምትስቅ ሕፃን ፎቶ ስላለበት ብቻ ለልጅ የተሠራ የተለየ ነገር የሚመስላቸው እናቶች ብዙ ናቸው። ውስጡ ያው «ኖ ላይ» ነው። ባለፈው አንዷ ሠርግ ላይ አበባ የምትበትን ልጇን ይዛ መጣች።

«እህቴ፣ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድስት ሞላት። ሳበጥራት ታለቅሳለች። ለሷም ለእኔም ዕረፍት ነው።»

«በደረቁ ነዋ የምታበጥሪያት።»

ዝም አለች። ጸጉሯን አርጥቤ፣ ኮንዲሽነር አድርጌ፣ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሬ ወደ ሥር ፈታሁት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ከርዳዳ ጸጉር ከሥር ወደ ጫፍ በደረቁ ሲበጠር ማንንም ያስለቅሳል፤ እኔንም። ከዚያ ቁጥርጥር ሠራኋት፣ አበባዋን ይዛ ሄደች።

ወደ ዕቃው ልመለስ። በጥቅምት 2015 መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ሲከለክል የውበት ዕቃዎችም ነበሩበት። ሐምሌ 2016 ላይ ክልከላው ተነሣ። በዚያው ወር ግን ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፣ የዕቃው ዋጋ ሰማይ ወጣ። ስለዚህ ዕቃ ጠፍቶም ተወዶም አየነው። በሻንጣ የሚገባው በዛ። ከትልቅ ባልዲ ወደ ትንሽ ዕቃ የሚገለበጠውም በዛ። መርካቶ ሄደሽ «ያው ነው፣ ዕቃው ብቻ ነው የተቀየረው» ብለው ይሰጡሻል። እኔ የምፈራው ርካሽ ዕቃን አይደለም። ርካሽ ሆኖ ደህና የሚሠራ ሞልቷል። የምፈራው ከገዛ ዕቃው የወጣውን ነው። ስሙ የለም፣ ደቂቃው የለም፣ ውስጡ ምን እንዳለ የለም፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ የለም። ደቂቃው ያልተጻፈበትን ሪላክሰር ስንት ሰዓት ላይ ነው የማጥበው?

ከሁሉ የባሰብኝ ኬራቲን የሚባለው የጸጉር ማቅኛ ነው። ኬራቲን የሚባለው ብዙ ጊዜ ጸጉርን የሚያቀናው በኬራቲኑ አይደለም። በውስጡ ፎርማልዴሃይድ ወይም ሲሞቅ ፎርማልዴሃይድ የሚለቅ ነገር አለ። ፎርማሊን ሲባል ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚወጋው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዴሃይድን ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ ያስገባው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን ይህን ክሬም ቀቢና 230 ዲግሪ የሚደርስ የጸጉር መተኮሻ፣ ፒያስትራ፣ አሳልፊበት። ጭስ ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። የኛ ሱቆች ደግሞ ያው የኮንዶሚኒየም ሱቅ ናቸው፤ አንድ በር፣ ከኋላ ግድግዳ። ደንበኛዋ በዓመት ሁለቴ ብትሠራ ነው። ልጆቹ ግን፣ አጣቢዋና ፒያስትራ የምትይዘዋ፣ ቀኑን ሙሉ ይተነፍሱታል። መሐል ላይ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ግማሽ ራስ ተሠርቶ ግማሹ ይቀራል። እኔ ቤት ኬራቲን የለም። «ፎርማልዴሃይድ ፍሪ» የሚል ጽሑፍ እያሳዩ የሚከራከሩኝ አሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቋም እንዲያ ተብሎ የተጻፈበት የታወቀ ምርት ውስጥ ያንኑ አግኝቶ ማስጠንቀቂያ ጽፏል። ካርቶን ብዙ ይናገራል።

በ2022 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን አሥራ አንድ ዓመት ገደማ የተከታተለ ነው። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የጸጉር ማቅኛ የሚጠቀሙት በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከማይጠቀሙት እጥፍ በላይ ነበር። 70 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከማይጠቀሙት 1.64 በመቶው ሲያዙ፣ አዘውትረው ከሚጠቀሙት 4.05 በመቶ። ጥናቱ «በእርግጠኝነት ያመጣው ይሄ ነው» አላለም። እኔም ደንበኛ ለማስፈራራት አላነሣሁትም። ግን በየወሩ ሪላክስ የምትደረግ ሴት ይህን ቁጥር ሰምታ ነው መወሰን ያለባት።

ስለ ቀለም ባጭሩ። ሂና ጥቁር አይደለም። ንጹሕ ሂና ብርቱካንማ ቀይ ነው የሚሰጠው። «ጥቁር ሂና» ተብሎ በደቂቃ ውስጥ ሽበት የሚያጠቁር ዱቄት ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። እሱን አንዳንድ ሰው ጨርሶ አይችለውም። ፊቱ ያብጣል፣ ዓይኑ ይደፈናል። ትንሽ ክርን ላይ ወይም ከጆሮ ጀርባ ቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅ ነው መፍትሔው። ለበዓል ዋዜማ ለሚመጣ ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል።

ታዲያ «ወደ ቅቤያችን እንመለስ» የሚሉም አሉ። ቅቤን አልጠላም። ጸጉርን ይሸፍነዋል፣ እርጥበቱ እንዳይወጣ ያደርጋል፣ ይህ እውነት ነው። ጸጉር ያበቅላል የሚለው ግን ወሬ ነው። አያቶቻችን ሲቀቡ ሻሽ አስረው ቤት ይውሉ ነበር። የዛሬዋ ቅቤ ተቀብታ፣ ሳታጥብ፣ ፒያስትራ ታሳልፍበታለች። ያ ጥብስ ነው። ደግሞ ቅቤ በዛሬ ዋጋው ከራስ ወደ ድስት ተመልሷል፤ ለጸጉር የሚተርፈው ስንት ቤት ነው?

የምወደው ፋሽን ናቹራል የሚባለውን ነው። ልጆቹ ሪላክሰር አቁመው፣ የተቃጠለውን ጫፍ አስቆርጠው፣ ከርዳዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ፋራ» የሚባሉት እነሱ ነበሩ። ገበያው ግን አላስቀመጣቸውም። የከርል ክሬም፣ የከርል ጄል፣ የከርል ቅባት፣ የሌሊት ሳቲን ኮፍያ። አራቱንም ካልገዛች ጸጉሯ የማይጠቀለል እየመሰላት የወር ደሞዟን የምታፈስ አለች። ጄሉ ተልባ ነው። ተልባ በውሃ ቀቅለሽ፣ እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ ሳይቀዘቅዝ በስስ ስቶኪንግ ታጠሊዋለሽ። ከቀዘቀዘ አይወርድም። ፍሪጅ ከሌለሽ ትንሽ ትንሽ ሥሪ፣ ይበላሻል። ከሱቅ የምትገዢውን ብዙ ብር ያስቀርልሻል። እኔ ይህን በነጻ ስናገር አብረውኝ የሚሠሩት ይቆጡኛል። «ጄል እኮ እንሸጣለን» ይሉኛል።

ሹሩባ ደግሞ ለሰፈራችን የተሠራ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ውሃው ትንሽ ነው፣ ሳምንታት ይቆያል። የጥር ሙሽሮች የሠርጉ ዕለት ሉጫ ሆነው ሂውማን ሄር ይለብሳሉ፣ ለመልሱ ሹሩባ ይሠራሉ። ከሁለቱ የቱ ፎቶ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ቤታቸው ሄዳችሁ እዩ። ወንዶችም መጥተዋል። አንድ አባት የልጃቸውን ሹሩባ አይተው «ወንድ ልጅ!» ብለው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። «አባባ፣ አፄ ቴዎድሮስስ?» አልኳቸው። ሹሩባቸው በየሥዕሉ አለ። በመቅደላ እንግሊዞች ቆርጠው የወሰዱት ጸጉራቸውም ለንደን ሙዚየም ቆይቶ በመጋቢት 2011 ነው ለኢትዮጵያ የተመለሰው። ሳቁና ገቡ። የልጁን ሹሩባ ግን አሁንም አልወደዱለትም።

ሹሩባም ግን ይጎዳል፣ ሲጠብቅ። «አጥብቂልኝ፣ ቶሎ እንዳይፈታ» ይሉኛል። ሠርተሽ ስትወጪ ቅንድብሽ ወደ ላይ ከተሳበና ለመተኛት ካስቸገረሽ ጠብቋል። በላዩ ከባድ ዊግ ሲጨመር የግንባር ጸጉር ከሥሩ ይሳባል። መጀመሪያ ይሳሳል፣ ቆይቶ ይሸሻል። ቶሎ ከተተወ ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ሥሩ ይሞታል፣ ያኔ ቅባት አይመልሰውም። ግንባራቸው የሸሸ ሴቶች ዘይት ሊገዙ ሲመጡ፣ ዘይቱን ትቼ ሹሩባውን ነው የምፈታላቸው።

መፍትሔ ብዬ የማስበው ትልቅ ነገር አይደለም። ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። አዋጁም አለ፣ 1112/2011። ወደ እኛ ሱቅ የሚመጣው ግን ንግድ ፈቃድ የሚያይ ሰው ነው። ፈቃዱን አይቶ፣ ወለሉን አይቶ ይሄዳል። መደርደሪያውን ቢያይስ? ስም የሌለው ጣሳ ሲያገኝ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢልስ? እሱ እስኪመጣ ድረስ ደንበኛዋ ትጠይቅ። ክሬሙ ራስሽ ላይ ከመድረሱ በፊት «ዕቃውን አሳዪኝ» በይ። የሚያኮርፍ ጸጉር ቤት ካለ አኩርፎ ይቅር፣ ሌላ አለ። እኔ ጋ ዕቃው መስታወቱ ፊት ነው የሚቀመጠው፣ ክዳኑ ደንበኛዋ ፊት ነው የሚከፈተው። አንዳንዶቹ አንብበው ሐሳባቸውን ቀይረው ይሄዳሉ። ገቢዬ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው የሚመጡት እነሱው ናቸው።

ለጥር የምትመዘገቡ ካላችሁ ከአሁኑ ደውሉ። ሪላክሰር ለሚፈልጉ ረቡዕና ሐሙስ ብቻ ነው፤ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ማታ ነው።