አይጠየፍ ፍላሽ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለ። ስሙ ይቆይ። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የጦሳን ብርድ እየተቀበለ ይጠብቃል። ባለሙያውን ሁላችንም «ኢንጂነር» እንለዋለን። የት እንደተማረ ጠይቀነው አናውቅም። በሽተኛው ሲድን እያየ ሐኪሙን ዲግሪ የሚጠይቅ አለ?

የኢንጂነር ሀብት አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት ፍላሽ ናት። ዊንዶውስ እሷ ውስጥ አለ። ኦፊስ አለ። ፎቶሾፑ፣ አውቶካዱ፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያው፣ ሁሉም ከነክራኩ፣ ማለትም ሳይገዙ ቁልፉን ከሚሰብረው ፕሮግራም ጋር። ጠዋት የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች። ረፋድ ላይ የተማሪ ላፕቶፕ ላይ። ከሰዓት የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ልጅ ተውሷት ኮምቦልቻ ወርዳ ትመለሳለች። የትም ሄዳ ባዶ እጇን አትመጣም። ያገኘችውን ቫይረስ ሰብስባ ለሁሉም እኩል ታድላለች።

ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ፣ ሀብታም ድሃ ሳይል ሁሉን የሚያስተናግድ ስለነበር «አይጠየፍ» ተባለ ይላሉ። እኔም ለኢንጂነር ፍላሽ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁም። አይጠየፍ ብያታለሁ። ዛሬ እሷንና ተገልጋዮቿን፣ ማለትም እኛን፣ ላመሰግን ነው።

ባለፈው ክረምት የላፕቶፔ ስክሪን ጠቆረ። ጥጉ ላይ «ዊንዶውስዎን አክቲቬት ያድርጉ» የምትል ጽሑፍ ተለጠፈች። ይዤ ሮጥኩ።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ፎርማት ነው» አለ ኢንጂነር፣ ሳይከፍተው።

ኢንጂነር ዘንድ የሁሉም በሽታ መድኃኒት ፎርማት ነው፤ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን። ኢንተርኔቱ ዘገመ? ፎርማት። ፕሪንተሩ እምቢ አለ? ፎርማት። ጎረቤቴ ኪቦርዷ ላይ ቡና ፈሶባት ፎርማት ተደርጎላታል። ቡናው አልወጣም፣ የልጇ የክርስትና ፎቶዎች ግን ወጥተው ቀሩ።

ሥራው ሲሠራ ቆሜ አየሁ። ሥርዓት አለው። መጀመሪያ አንቲቫይረሱ ይጠፋል።

«ለምን ታጠፋዋለህ?» አልኩት።

«ክራኩን ቫይረስ ነው ይለዋላ።»

«አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን የራሳችን ነው።»

ቀጥሎ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ለሚያመጣው ጥያቄ ሁሉ ሳይነበብ «አዎ» ይባላል። እንዲህ ያለ መተማመን በትዳርም የለም። አንድ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ምን እንዳደረገ የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ የለም፤ ኢንጂነርም ጭምር። በመጨረሻ ምክር አለ፤ ልክ ቄስ ወይም ሼህ ሙሽሮችን እንደሚመክር።

«ጋሼ፣ ምንም ቢሆን አፕዴት እንዳያደርጉ። አፕዴት ካደረጉ ክራኩ ይሞታል።»

የዚህን ምክር ጥልቀት የተረዱት ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ ተነሥቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የሰው ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ መለሱ። የዊንዶውስ ሠሪው ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት የለቀቀው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር። እነዚያ ሰዎች በቸልተኝነት ነው አፕዴት ያላደረጉት። እኛ ግን ከፍለን ነው። ቀዳዳችን እንዳይደፈን ዋስትና ተገብቶልናል።

እዚያ ላይ ነው አፌ ያመለጠኝ።

«በዊንዶውሱ ፈንታ ሊኑክስ ብትጭንልኝስ? በኦፊሱ ፈንታም ሊብሬኦፊስ አለ አሉ። ክራክ አያስፈልገውም፤ በነፃ ነው።»

ቤቱ ዝም አለ። ኢንጂነር ዘመድ እንደሞተበት ሰው አዘነልኝ። «ጋሼ፣ ደህና ነገር ቢሆን በነፃ ይሰጡታል?» አለ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁ አንድ እናት ደግሞ «እውነቱን ነው ልጄ። በነፃ የሚሰጥ ነገር ውስጡ ተንኮል አያጣም» አሉኝ። እሳቸው የመጡት የሱቃቸውን የሒሳብ ሶፍትዌር ክራክ ሊያስደርጉ ነው።

ጥበቡን ልብ በሉልኝ። የተቆለፈ በር ሲታይ ውስጡ ዕቃ እንዳለ ይታወቃል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ «ግቡ፣ ቤት የእናንተ ነው» የሚል ቤት ግን ያጠራጥራል። ስለዚህ ክፍቱን ቤት አልፈን ሄደን የተቆለፈውን እንገነጥላለን። ይህን የሚያደርገው ደግሞ መንገድ አላፊውን ሁሉ «ቡና ጠጡ» እያለ የሚጎትት የወሎ ሰው ነው።

ለነገሩ የክፍቱ ቤት ታሪክም የሚጀምረው ከጥገና ነው። አሜሪካ ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ስታልማን የሚባል ፕሮግራመር ነበር። የላቦራቶሪያቸው የዜሮክስ ፕሪንተር ወረቀት እየነከሰ አስቸገረ። ሰውዬው ሶፍትዌሩን ትንሽ አስተካክሎ፣ ፕሪንተሩ ሲነክስ ለተጠቃሚው መልእክት እንዲልክ ማድረግ ፈለገ። ሶርስ ኮዱን፣ ሶፍትዌሩ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ሲጠይቅ ተከለከለ። ተናደደ። ንዴቱ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1983 ማንም የሚጠቀምበት፣ ከፍቶ የሚያየው፣ የሚያሻሽለውና የሚያካፍለው ሶፍትዌር ሊሠራ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ የሊኑክስን እምብርት ጨመረበት።

ይኼ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ፕሪንተር! እኛ ፕሪንተር ሲነክስ ጎኑን ሁለቴ እንለዋለን።

ፈረንጆቹ ቋንቋቸውም አላገዛቸውም። «ፍሪ» የሚለው ቃላቸው ነፃነትንም የዋጋ አለመኖርንም በአንድ ላይ ይዟል። ስታልማን ዕድሜውን የጨረሰው «በነፃ ማለቴ ሳይሆን ነፃ ማለቴ ነው» ሲል ነው። ግራ መጋባቱ ስለከፋ እ.ኤ.አ. በ1998 ክሪስቲን ፒተርሰን የምትባል ሴት «ኦፕን ሶርስ»፣ ክፍት ኮድ እንደማለት፣ የሚል አዲስ ስም አመጣች። አማርኛ ግን ይህን ጉዳይ በአንዲት «በ» ፊደል ገላግሎታል። «ነፃ» ሌላ፣ «በነፃ» ሌላ። ታዲያ እኛስ ምን አደረግን? በቋንቋችን የተለየውን በኪሳችን አንድ አደረግነው። ነፃውን ናቅን፣ በነፃውን ሰረቅን።

«ሊኑክስ ለእኛ አይሆንም፣ ይከብዳል» የሚለውንም ወንድሜን ማመስገን አለብኝ። ይህን የነገረኝ ስልኩን እየነካካ ነው። ስልኩ አንድሮይድ ነው። የአንድሮይድ እምብርት ሊኑክስ ነው። በዓለም ላይ አንደኛ እስከ አምስት መቶኛ የሚባሉት ግዙፍ ኮምፒውተሮችም ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ሁሉም በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። ለወንድሜ የከበደው ሳያውቅ ሲጠቀምበት አይደለም። ስሙን ሲሰማው ነው።

አንድ ነገር ግን የክፍቱ ቤት ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል። ነገር ያጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ባለሙያ ወደ ኮምፒውተሩ ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ተነሣ። ግማሽ ሰከንድ! ምን ሆኖ ነው ብሎ ኮዱን ከፍቶ በረበረ። ኤክስዜድ በሚባል፣ ብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ባለ ፕሮግራም ውስጥ፣ አንድ ተንኮለኛ ከሁለት ዓመት በላይ ታማኝ መስሎ ሲያገለግል ከርሞ የደበቃት የጓሮ በር ተገኘች። ኮዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ ተበርብሮ ባልተገኘ። ይኼ ፍሮይንድ ደግሞ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ መሆኑ ነው።

የእኔ ላፕቶፕ ኢንጂነር ከነካው ወዲህ ለመከፈት የአቦል ቡና ያህል ይፈጃል። ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ሲገነፍል እሱም ይከፈታል። ምን ሆኖ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው ቤት የሚያድር እንግዳ ሌሊት ምን ሲሠራ አደርክ ይባላል? ነውር ነው።

ሕጉስ የሚል ይኖራል። ሕጉ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። አንብቤዋለሁ። የከፈትኩት በኢንጂነር ኦፊስ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ትልቁ ስኬታችን ልምጣ።

ሁላችንም ክፍቱን ቤት እንንቃለን ማለት አይደለም። የሚገቡበት ጎበዞችም አሉ። የጎረቤቴ ልጅ አንዱ ነው። ተመርቆ ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ የሱቅ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ሠራሁ አለ። አዳራሽ ተከራየ። ባነር አሰቀለ፤ «መቶ በመቶ በአገር ልጅ የተሠራ»። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ የክብር እንግዳ «ኦፕን ሶርስ ማለት ደቦ ማለት ነው» አሉና አጨበጨብን። ከዚያ ልጁ ሶፍትዌሩን ከፈተ። የይለፍ ቃሉን ተሳሳተ። በስክሪኑ ላይ የስሕተት መልእክት ብቅ አለ። በፖርቱጋልኛ።

አዳራሹ ፀጥ አለ። ልጁ ግን የዋዛ አይደለም። «ሶፍትዌሩ የውጭ ቋንቋም ይችላል» አለ። እንደገና አጨበጨብን።

በኋላ ለብቻችን ስንሆን ነገረኝ። የሆነ የብራዚል ሰው ሠርቶ ለሁሉም ክፍት ያደረገውን ነው ያወረደው። ላይሰንሱ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱ፣ ምን ይላል አልኩት። መቀየርም፣ መሸጥም፣ የፈለጉትን ማድረግም ይቻላል አለ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሠሪ ስምና የላይሰንሱ ጽሑፍ እዚያው ይቀመጥ።

«ታዲያ አስቀመጥከው?»

«እሱን ለማጥፋት ነው ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ።»

አያችሁ? የተቆለፈውን መስረቅማ ማንም ይሰርቃል። የተሰጠህን ስጦታ መስረቅ ግን የተለየ ተሰጥኦ ይጠይቃል። ምቀኞች «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ይሉ ይሆናል። ይበሉ።

አባቶቻችን እዚህ ላይ ኋላ ቀር ነበሩ። አምባሰልን ማን ፈጠረው? ባቲንስ? ቆልፎ የያዘው ሰው የለም። አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ስንኙን ለውጦ ያዜመዋል፣ ሦስተኛው በማሲንቆ፣ አራተኛው በኦርጋን። ማንም ማንንም አይከለክልም። ስሙን ግን አይፍቁበትም። አዲስ አበባ ይዘፈን ዋሽንግተን፣ አምባሰል አምባሰል ነው፤ አገሩን በስሙ ተሸክሞ ይዞራል። ይህን ያህል ዘመን በእጃቸው ሲሆን «በእኔ የተሠራ» ብሎ ባነር የሚያሰቅል አንድ ጎበዝ እንኳ አልወጣቸውም።

ባለፈው እሑድ ይኸው ልጅ ቤቴ መጣ። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሊቀዳ ነው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ሰረቁኝ!»

«ምንህን?»

«ሶፍትዌሬን! በቁልፍ ቆልፌ በአሥራ አምስት ሺህ ብር ነበር የምሸጠው። ኢንጂነር ክራክ አድርጎ በሁለት መቶ ብር እየጫነው ነው። የሁለት ዓመት ልፋቴን!»

ሁለት ሳምንት መስሎኝ ነበር። ዝም አልኩ።

«ገንዘቡስ ይሁን» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ስሜን አጥፍተውታል! ሠሪው ማን እንደሆነ የሚለውን ገጽ አንሥተው የሱቁን ስልክ ጻፉበት። ሰው እንዴት የሌላውን ሰው ስም ይፍቃል? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

«ወላሂ ግፍ ነው» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት።

ለፖሊስ አቤቱታ ልጻፍ አለና ላፕቶፔን ጠየቀኝ። ከፈትንለት። አቦሉን ጠጥተን ስንጨርስ ዎርዱም ተከፈተ። አዋጁንም ጠቀሰ፤ 410/1996። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ኪቦርዱ መጻፍ እምቢ አለ። ከላይ ቀይ መስመር መጣ። የስክሪኑ ጥግ ላይ ያቺ የማውቃት ጽሑፍ ተለጠፈች።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ አፕዴት አድርገዋል እንዴ?»

ሌሊት በራሱ ሳያደርገው አልቀረም።

ቶናውን ጠጣን። በረካውን አልጠበቅንም፤ እሑድ ስለሆነ ቀድሞ ይዘጋል። ላፕቶፑን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሁለታችንም ወደ ፒያሳ ወጣን። ኢንጂነር ከበሩ ላይ አየን። ልጁን ሰላም አለው፣ እኔን ትከሻ ለትከሻ ሳመኝ።

«አብሽሩ» አለና ፍላሿን ከአንገቱ አወለቀ።