የእምቦጭ መድኃኒት ተገኘ

የምስራች! ጣና ከእምቦጭ ተገላገለ። በፎገራና በደምቢያ በኩል ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ማሽን መጣ፤ ገንዘብ ተዋጣ። አረሙ ግን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አልሞት ብሎ ከረመ። የሰፈራችን ልጅ በ11 ደቂቃ ጠረገው። ፎቶሾፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ክሎን ስታምፕ የሚባል ነገር አለ፤ ንጹሑን ውሃ ቀድቶ አረሙ ላይ ያትማል። በቃ። ያን ሁሉ ዓመት ስንለፋ መድኃኒቱ ዩቲዩብ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር ማለት ነው።

ስሙን አልጠራም፤ መመስገን አይወድም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቱቶሪያል አይቷል። እኩዮቹ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ እሱ በሩን ዘግቶ ፓኬጁን ይጨርሳል። አብዛኞቹ መምህሮቹ ህንዶች ናቸው። ቋንቋውን አይችልም፤ ማውዙ የት እንደሄደ ግን ይከተላል። የጀመረውን ስራ ጨርሶ አያውቅም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ሳያየው የቀረ አንድ ቪዲዮ አለ። እንዲህ ነው ጥንቃቄ።

የባሕር ዳር ሰማይ የሚያሳፍር እንደነበረም ያወቅነው በሱና በመሰሎቹ ነው። ከተማው ውስጥ ያለ ኤዲተር ሁሉ ያንኑ ቪዲዮ አይቶ ያንኑ አንድ ሰማይ አውርዷል። የጥምቀቱም፣ የምርቃቱም፣ የሙት ዓመቱም ሰማይ ወይን ጠጅ ነው። ከተማችን ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ውሃውን ያየ ሰው ወደ ሰሜን አየ ማለት ነው። የኛ ልጅ ሙሉ ጨረቃን ቀጥ አድርጎ ከዚያው አወጣት። የደንገል ታንኳዋን ትቶ ቀዛፊውን ደግሞ "ትኩረት ይሰርቃል" ብሎ አጠፋው። ታንኳዋ ለብቻዋ ዓሣ ልታጠምድ ወጥታለች።

ጢስ አባይንም አልረሳውም። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው በበጋ ይሰልላል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከመናደድ፣ ልጃችን ከሌላ አገር ፏፏቴ ቆርጦ ለጠፈበት። ታች ጥግ ላይ የዝናብ ልብስ የለበሱ ቱሪስቶችን የጫነ መርከብ ይታያል። አገር ጎብኚ ጠፋ ለምትሉም መልስ ነው።

ይህን ያየ ቤተሰብ የአክስቴን ልጅ የሰርግ ባነር ለማን ይስጥ? ቱቶሪያሉ "ርዕሱን በካፒታል ጻፍ" ይላል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ልጁ በዚህ አይበገርም፤ ፊደሎቹን ወደ ላይ ጎትቶ ካፒታል አደረጋቸው። "መልካም ጋብቻ" ቀጥ ብሎ ባሕር ዛፍ መሰለ። ፎቶው በቴሌግራም ተልኮ ተጨምቆ የቴምብር ያህል ቀርቷል፤ እሱን ሦስት ሜትር ላይ ዘረጋው። የሙሽራዋ ፊት ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ ሆነ። ስለ ሬዞሉሽን፣ ማለት ስለ ፎቶ ጥራት፣ የሚያስተምረው ቪዲዮ እኮ አለው! "በኋላ አየዋለሁ" ውስጥ ነው። ይሰለቻል አሉ፤ ሙዚቃ የለውም። ያወረደው ፎንትም ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አልነበረምና የሙሽራው ስም አራት ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። እንግዳው ዘመናዊ ነገር ነው ብሎ አለፈው።

ጥበቡ ሙሉ በሙሉ የተገለጠው ግን በእምዬ ፎቶ ነው። አያቴ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው። አንገታቸውም ዙሪያውን ተነቅሷል። በልጅነታቸው በእሾህና በጥላሸት፣ እያለቀሱ የተነቀሱት ነው። ቱቶሪያሉ ደግሞ "ፊት ላይ ያለ ነጠብጣብ ሁሉ ይጥፋ" ይላል። ሂሊንግ ብራሽ ማለት ፈዋሽ ብሩሽ ማለት ነው፤ ፈወሳቸው። መስቀሉ ጠፋ። የአንገቱ ጠፋ። ሽብሽቡም ተተኮሰ። ፊታቸው የተላጠ እንቁላል ሆነ።

እምዬ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

"ደስ ትላለች። የማን ልጅ ናት?"

"እማማ፣ እርስዎ ነዎት እኮ!"

"ተው ልጄ። እኔ ከሆንኩ መስቀሌን የት አደረስከው?"

መመለስ ይቻል ነበር። ፎቶሾፕ ውስጥ ሌየር የገባው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ይህ ልጅ ሳይወለድ። ዋናውን ሳትነካ በላዩ ላይ እንድትሰራ ነው የተፈጠረው። ልጃችን ግን ሁሉንም አጣብቆ፣ ጄፔግ አድርጎ፣ በዋናው ፎቶ ላይ ሴቭ አድርጎታል። ወደ ኋላ ማየት አያውቅም።

ፎቶው አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው። ቡና ተፈልቶ እንግዳ "ይቺ ደግሞ ማናት?" ሲል እምዬ ቀና ይሉና፣ "እንጃ፣ በሙሽራዋ በኩል የመጣች መሰለችኝ" ይላሉ።