ቀን ቆራጭ ጄኔራሎች ይኑሩልን

ጠንቋይ ቤት ብትሄዱ ገብስማ ዶሮ አምጡ ትባላላችሁ። ጄኔራል ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ የነገውን ጦርነት በነፃ ይነግራችኋል። ያውም ከነዓመተ ምሕረቱ። ሂሳቡ በኋላ በበጀት በኩል ይመጣል እንጂ።

በእስያና ፓሲፊክ የአሜሪካ ጦር አዛዥ የነበሩትን አድሚራል ፊሊፕ ዴቪድሰንን ተመልከቱ። በፈረንጆቹ ማርች 2021 ሴኔት ፊት ቀርበው ቻይና በስድስት ዓመት ውስጥ ታይዋንን ልትነካ ትችላለች አሉ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ዕዛቸውን አስረክበው ወጡ። ሥራ ማለት እንዲህ ነው፤ ቀን ቆርጠህ ትሄዳለህ፣ ቀሪው ይጠብቅ።

የኔ ጀግና ግን ጄኔራል ማይክ ሚኒሃን ናቸው። የአሜሪካ አየር ኃይል የማመላለሻና የነዳጅ መሙያ አውሮፕላኖች አዛዥ ነበሩ። በ2023 መጀመሪያ ለበታቾቻቸው ጻፉ፦ ሆዴ ከቻይና ጋር በ2025 እንዋጋለን ይለኛል። ሳተላይቱ፣ ሰላዩ፣ ያ ሁሉ ቢሊዮን ዶላር እያለ ሆዳቸውን ሰሙ። ወታደሩ ተኩስ ይለማመድ፣ ጭንቅላት ላይ ያነጣጥር፣ የግል ጉዳዩንም መልክ ያስይዝ አሉ። ማስታወሻው ፌብሩወሪ 1 የሚል ቀን ተጽፎበት በጃንዩወሪ መጨረሻ ሾልኮ ወጣ። ወረቀቱ ራሱ ከቀኑ ይቀድማል! አንድ የፔንታጎን ሰው ይህ የመሥሪያ ቤቱ አቋም አይደለም አሉ። ምቀኛ መቼ ይጠፋል።

2025 ገባ፣ ወጣ። ጄኔራሉን እንዳትጠይቁ፤ በ2024 ጡረታ ወጥተዋል።

አውሮፓም አልሰነፈችም። በጃንዩወሪ 2024 የስዊድን ጦር አዛዥ ሚካኤል ቢዴን (የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆ ባይደን ዘመድ አይደሉም) ሕዝቡ በአእምሮው ለጦርነት ይዘጋጅ አሉ። ሕዝቡም ቃል አክባሪ ነው። ሬዲዮና የነዳጅ ጀሪካን ሊገዛ ተራወጠ። ሕፃናት ሳይቀሩ ጦርነት ሊመጣ ነው ወይ እያሉ የልጆች መርጃ ስልክ ላይ ደወሉ። አዛዡ ሰው እንዲያስብ ብዬ እንጂ ላስፈራራ አይደለም አሉ። ማሰቡን ለልጆቹ ትተው በዚያው ዓመት ወንበሩን ለቀቁ። ስቶክሆልም ያላችሁ ሐበሾች፣ ያን ጊዜ ሬዲዮ ከገዛችሁ ባትሪውን እያያችሁ።

በዚያው ወር የእንግሊዝ ምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ፓትሪክ ሳንደርስ ዜጋው ለጦር ይሰናዳ አሉ። የት ሆነው ብትሉ፣ የብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ጉባኤ ላይ። ብረት ለበስ የሚሸጠው ሰውዬ ከፊት ወንበር ሆኖ አሜን ሲል አይታያችሁም? ምነው ሁሉም ሰው እንዲህ አድማጩን አውቆ ቢናገር!

አሁን የቀሩን ሁለት ቀጠሮዎች ናቸው። ሳንደርስን የተኩት ሮሊ ዎከር በ2024 ለጦርነት መዘጋጃ ሦስት ዓመት ሰጥተውናል፣ ማለት 2027። የጀርመኑ ጄኔራል ካርስተን ብሮየር ደግሞ ለ2029 ተዘጋጁ ብለዋል። እዚህ ላይ የኛ ካሌንደር ጠቀመን። 2029 እኛ ጋ ሲገባ እነሱ ጋ 2036 ነው። እስከዚያ ስንቱ ጡረታ ይወጣል!