ክርክር፦ ኢሚውኖቴራፒ የጀመረ የካንሰር ታካሚ ምግቡም ይታዘዝለት?

ሁለቱም ተከራካሪዎች የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰዎች ናቸው። አንዷ ቱሉ ዲምቱ ጤና ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት። ሌላው ሰበታ ላይ መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ በዕድሜም በሥራም የሚቀድሟት ፋርማሲስት ናቸው። ጥያቄው ይህ ነው፦ የሰውነት መከላከያ ካንሰርን እንዲዋጋ የሚያደርገውን ሕክምና፣ ኢሚውኖቴራፒን፣ የሚወስድ ሰው፣ ከመድኃኒቱ ጎን የምግብ ትእዛዝ ይሰጠው ወይስ የለመደውን ይብላ?

ነርሷ፦

ይታዘዝለት ባይ ነኝ። እነ ፔምብሮሊዙማብ የተባሉት የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒቶች ካንሰሩን ራሳቸው አይገድሉም፤ ቲ ሴል በሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ላይ የተያዘውን ፍሬን ነው የሚለቁት። ይህን መንገድ የከፈቱት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል ተሸልመውበታል። ይሁንና ፍሬኑ ተለቅቆም መድኃኒቱ የማይሠራላቸው ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚኖሩት እኛ በምንበላው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የሂውስተኑ (አሜሪካ) ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ጥናት 128 የሜላኖማ፣ ማለትም የቆዳ ካንሰር፣ ታካሚዎች ምን እንደሚበሉ ጠይቆ ነበር። በቀን 20 ግራምና ከዚያ በላይ አሰር፣ ፋይበር የምንለውን ማለቴ ነው፣ የሚያገኙት በሽታው ሳይባባስባቸው ረዘም ያለ ጊዜ ቆይተዋል። አሰሩ በ5 ግራም በጨመረ ቁጥር የመባባስ ወይም የሞት አደጋው በ30 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ታይቷል።

20 ግራም ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጤፍ ፍሬዋ ስለምታንስ ቆዳዋን ለይቶ መፍጨት አይቻልም፤ ከነሙሉዋ ነው ወፍጮ የምትገባው። 100 ግራም ዱቄቷ 8 ግራም ገደማ አሰር አለው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስርም እንደዚያው። ክክና ጎመን ሲጨመርበት ቁጥሩ ይሞላል። የምፈራው ታካሚው ካለው ላይ እንዳይቀነስበት ነው። ሰው ታመመ ሲባል ቤተሰብ «እንጀራ ይከብደዋል» ይልና በፉርኖ ዳቦ፣ በብስኩትና በለስላሳ ይተካበታል። ጤፍ ስለተወደደ ደግሞ ከጉልት የሚገዛው እንጀራ ሩዝ የበዛበት ሆኗል። ይህን ካልነገርነው ማን ይነግረዋል?

ፋርማሲስቱ፦

ሲስተር፣ ጥናቱን አላዛባሽውም፤ ጥናቱ ካቆመበት አልፈሽ ሄድሽ እንጂ። ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ ተጠየቁ እንጂ ይህን ብሉ ተብለው በዕጣ አልተመደቡም። አሜሪካ ውስጥ አትክልትና ጥራጥሬ የሚያዘወትር ሰው ብዙ ጊዜ የማያጨስ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ኪሱም ያልጎደለ ነው። ልዩነቱ ከምስሩ ይሁን ከኑሮው በምን ለየሽው? ደግሞም ሜላኖማ የቆዳ ካንሰር ነው። እዚህ በሴቶቻችን ላይ የሚበዙት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ናቸው።

ትልቁ ሥጋቴ ግን ትእዛዙ ሰፈር ሲደርስ የሚሆነው ነው። አንቺ «አሰር ያለው ብላ» ያልሽው «ሥጋ ተው፣ ወተት ተው፣ ስኳር ካንሰርን ይመግባል» ሆኖ ይደርሳል። ካንሰሩን ላስርብ ብሎ ራሱን የሚያስርብ ሰው አይቻለሁ፤ ሱሪው በገመድ ታስሮ ነው የሚመጣው። ኢስፐን የተባለው የአውሮፓ የክሊኒካል አመጋገብ ማኅበር፣ የካንሰር ታካሚ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 ግራም ያላነሰ፣ ከተቻለ እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያግኝ ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። ምግብ ያነሰው ሰው ላይ ደግሞ ይህን አትብላ የሚል ሥርዓት እንዳይጫን ያስጠነቅቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ኦንኮሎጂ በተባለው የካንሰር ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትንተና፣ በኢሚውኖቴራፒ ከታከሙ የሜላኖማ ወንዶች መካከል በጣም ወፍራሞቹ የተሻለ ዕድሜ እንደኖሩ አሳይቷል። ታዲያ ታካሚውን «ወፍር» ልበለው? የታየን ነገር ሁሉ ትእዛዝ ማድረግ እዚህ ያደርሳል።

ደግሞ መድኃኒቱ የለቀቃቸው ቲ ሴሎች የራሱን የታካሚውን አንጀት የሚያጠቁበት ጊዜ አለ፤ ተቅማጥ ይመጣል፣ ደም የቀላቀለ ሰገራም ይመጣል። ለዚያ ሰው ምስርና ቆሎ ጨምር ልትዪው ነው?

(ከአዘጋጁ፦ ጋሼ ፋርማሲስቱ ከተሰጣቸው ቦታ አልፈዋል። አልቆረጥንባቸውም።)

ነርሷ፦

አልለውም ጋሼ። ያ ሰው በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ ይመለሳል፤ የተቅማጥ ማስታገሻ ገዝቶ ቤቱ አይቀመጥም። መድኃኒቱም ለሜላኖማ ብቻ አይደለም፤ ለማህፀን በር ካንሰርና ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶችም ይሰጣል።

ስለ ሰፈር ወሬ ያሉት እውነት ነው። ግን እኛ ዝም ስንል ሰፈሩ ዝም አይልም። ዳማከሴው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ የሽፈራው ዱቄቱ፣ በቴሌግራም የሚሸጠው ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማል የሚባል ባክቴሪያ ያለበት እንክብል) ሁሉ ይገባል። ያው የ2021 ጥናት ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ታካሚዎች ምንም ብልጫ አላገኙም ብሏል፤ አይጦች ላይ ሲሞከርማ ሕክምናውን አዳክሟል።

ማስረጃ ካሉ ደግሞ ወደ እርስዎ መደርደሪያ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የሳንባ፣ የኩላሊትና የፊኛ ካንሰር ታካሚዎችን አይተው፣ ኢሚውኖቴራፒ በሚጀምሩበት ሰሞን አንቲባዮቲክ የወሰዱት ውጤታቸው የከፋ እንደነበር ጽፈዋል። አንቲባዮቲክ የአንጀትንም ባክቴሪያ ይገድላልና። በእኛ ዳርቻ አሞክሳሲሊንን የመሰለ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መግዛት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። አንጀቱን የሚያዘጋጀው ምግብ ብቻ አይደለም።

ፋርማሲስቱ፦

እሱም ያው የታየ ነገር ነው፤ አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሰው መጀመሪያውኑ የባሰበት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም «ያለ ሐኪም አንቲባዮቲክ አትውሰድ» ማለት ማንንም አይጎዳም፤ ስለዚህ እኔም እለዋለሁ። ጨምር ማለት ግን ሌላ ነው።

ዋጋውን አስቢው። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ዓመት ፔምብሮሊዙማብ አምራቹ ባወጣው ዋጋ ከ150 ሺህ ዶላር ይበልጣል። እዚህ አካባቢ ይህን መድኃኒት ያገኘ ሰው ወይ ቤቱን ሸጧል፣ ወይ ውጭ ያሉ ልጆቹ ተበድረውለታል። መድኃኒቱ ሳይሠራለት ሲቀር «ሲስተር ያለችኝን ስላልበላሁ ነው» እያለ ራሱን እንዲከስ አልፈልግም።

ነርሷ፦

እኔም አልፈልግም። ስለዚህ ቃል የምሰጠው ስለ መድኃኒቱ ውጤት አይደለም፤ በየቀጠሮው እመዝነዋለሁ፣ የምግብ ነገር የሚወሰነው በሚዛኑ ነው። የዓቢይ ጾምን ይውሰዱ፣ 55 ቀን ነው። የጾም ምግቡ አሰር የሞላው ነው፤ ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ መዋሉ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን አታስገድድም፤ ታካሚው ግን የንስሐ አባቱን መጠየቅ ያፍራል። ክብደቱ የቀነሰበት ሰው ጠይቆ ጠዋት ይብላ፣ እንቁላልና ወተትም ይጨምር። ክብደቱን የያዘውና አንጀቱ ደህና የሆነው ከጤፍ እንጀራው፣ ከምስሩና ከጎመኑ አይውጣ።

ፋርማሲስቱ፦

በሚዛኑ እስማማለሁ። የቀነሰው ይብላ፣ ያልቀነሰው እንደ ለመደው ይቀጥል። ምስርን ከመድኃኒቱ እኩል ወረቀት ላይ የምጽፈው ግን ታካሚዎችን በዕጣ መድቦ ያነጻጸረ በቂ ጥናት እጄ ሲገባ ነው።

ነርሷ፦

እስከዚያ ድረስም ታካሚው በቀን ሦስቴ መብላቱ አይቀርም ጋሼ። ቤተሰቡ እንጀራውን አንሥቶ ፉርኖ ሲያቀርብለት እያየሁ ጥናቱ ይውጣ ብዬ አልቀመጥም።