ድምፃቸው ብቻ አይደለም
ወንድሜ፣ በቅርቡ ስላረፉት የደሴ የሬዲዮ ሰው የጻፍከውን አነበብኩ፣ እጅህ ይባረክ። ግን አቦ ድምፃቸው ላይ ብቻ አተኮርክ! እኛ እዚህ ደሴ ያለነው ጋሼን ከማይክሮፎኑ ይልቅ በእግራቸው ነው የምናውቃቸው። የጠፋ ልጅ ሲባል ማስታወቂያውን አንብበው ስቱዲዮ አይቀመጡም ነበር። ፒያሳን ዞረው፣ ሸዋ በር ድረስ ወርደው፣ መናኸሪያ ገብተው ራሳቸው ይፈልጉ ነበር።

ነሐሴ 2013ን ሳታነሳ ማለፍህ ደግሞ አልገባኝም። በጦርነቱ ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለው ሰው ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ትምህርት ቤቶቹ እኮ ጢም ብለው ነበር። እሳቸው ዝም ብለው «እርዱ» አላሉም፤ የትኛው ክፍል ውስጥ አራስ እንዳለች፣ የማን የስኳር መድኃኒት እንዳለቀ፣ የት ጋ ፍራሽ እንደጎደለ ዞረው ጠይቀው መጥተው ነው ማታ በሬዲዮ የሚናገሩት። ሰውም የሚያመጣውን ያውቃል። እናቶች እንጀራና ወጥ ተሸክመው ሲመጡ ሙስሊሙ ክርስቲያኑ የሚል ጥያቄ አልነበረም፣ ወሎ ነዋ።

ሌላው ከጽሑፉ ጋር ያወጣኸው ፎቷቸው። ያ ሱፍ ከየት መጣ? እኛ ሱፍ ለብሰው ያየናቸው ልጃቸውን ሲድሩ ብቻ ነው። በጦሳ ተራራ ብርድ ጋቢያቸውን ደርበው የተነሱት ሞልቷል፣ ቤተሰቡን ብትጠይቅ ይሰጡህ ነበር።

ጽሑፍህ ሁለተኛ ክፍል ካለው የባጃጅ ሾፌሮቹን አናግር። ደም ለመለገስ አብረዋቸው ይሄዱ የነበሩት እነሱ ናቸው።