እድር እንኳ ቃለ ጉባኤ አለው

ባለፈው ቅዳሜ የስብስባችን አስተባባሪዎች ወሰኑ። ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ይሆናል። የብልሽት ጥቆማው እዚያ፣ የኮዱ ክርክር እዚያ፣ ውሳኔውም እዚያ። ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አራት ዓመት ሙሉ ኢሹ (የብልሽትና የሐሳብ ማስታወሻ) ስንከፍትበት የኖርነው መዝገብ ይዘጋል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ አስተባባሪ «የቆየ መልእክት ማን ያነባል?» አለ። ቤቱም አጨበጨበ።

እኔ አነባለሁ።

ለማታውቁን፣ ጅማ ያለን በጎ ፈቃደኞች ነን። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍ የስልክ ኪቦርድ ከነፊደል ማረሚያው እንሠራለን። ተማሪ አለ፣ መምህር አለ፣ ጤና ጣቢያ የሚሠራ አለ፣ ስልክ ጠጋኝ አለ። ደመወዝ የለንም። ያለን ማታ ማታ ከእንቅልፋችን ቆርሰን የምንሰጠው ሰዓት ነው። ያን ሰዓት የሚያባክን ውሳኔ ያለንን ሁሉ ይወስድብናል።

«ማን ያነባል?» ለሚለው መልስ ልስጥ። ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ ዩዝኔት በሚባለው የያኔ መወያያ መድረክ ላይ አጭር መልእክት ጻፈ። ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ዋና ሶፍትዌር) እየሠራሁ ነው፣ ሚኒክስ በሚባለው ሲስተም ውስጥ የምትወዱትንና የምትጠሉትን ንገሩኝ የሚል ነበር። እዚህ አገር ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ወር አልሞላም። ያ መልእክት ዛሬም ይገኛል፣ ዛሬም ይነበባል። ያ ሥራው ኋላ ሊኑክስ ተባለ። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሰዎች እስከ አሁን ፓች (የኮድ ማስተካከያ) የሚላላኩት በኢሜይል ነው። የተላላኩትም ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። የዓለምን ሰርቨር የተሸከመውን ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች የቆየ መልእክት ያነባሉ። እኛ በምን በልጠናቸው ነው የማናነበው?

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ የሆነውን ልንገራችሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም በ«ሀ»፣ በ«ሐ» እና በ«ኀ» ተከራከርን። አንድ ሰው «ሀይሌ» ብሎ ቢጽፍ ማረሚያው ወደ «ኃይሌ» ይቀይርበት ወይስ ይተውለት? ግማሾቻችን ይቀየር አልን። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሚሠራው ወንድማችን ግን ዓይናችንን ከፈተው። የታካሚው ስም መጀመሪያ በተጻፈበት ፊደል ካልገባ ካርዱ አይገኝም አለን። ታካሚው ወረፋ ላይ ይቆማል፣ በመጨረሻም አዲስ ካርድ ያወጡለታል፣ የበፊት ሕክምናው ታሪክ ይጠፋል። መታወቂያና የባንክ ደብተርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ወሰንን። ቃል ሲፈለግ ሦስቱም እንደ አንድ ይቆጠሩ፣ የሰው ስም ግን ማረሚያው አይንካ። በጣም ጥሩ ውሳኔ ነበር። የወሰንነው ግን ቴሌግራም ላይ ነው። ግማሹ በጽሑፍ፣ ግማሹ በቮይስ። ኢሹ የከፈተ ሰው አልነበረም።

ያ ወንድማችን ወደ ቦንጋ ተዛወረ። ስድስት ወር ቆይቶ አንዲት የቂጦ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ተማሪ ተቀላቀለችን። ጎበዝ ልጅ ናት። ኮዱን ስታይ ስሞች ሳይታረሙ የሚያልፉት በስህተት መሰላት። ሦስት ሌሊት ሠርታ አስተካከለችው። አዲሱ ቅጂ እንደወጣ ተጠቃሚው ስሜን አበላሻችሁ ብሎ ጮኸ። ለምን እንደዚያ እንደወሰንን ልናሳያት ብለን ግሩፑን መፈለግ ጀመርን። አንዱ «ሀይሌ» ብሎ ፈለገ፣ ሌላው «ኃይሌ»፣ ሌላው «ሃይሌ»። ለካ ያኔ የጻፈው ሰው በላቲን ፊደል ነበር የጻፈው። ዋናው ማብራሪያ ደግሞ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ቮይስ ውስጥ ነው። ቮይስ ውስጥ ያለን ቃል ፈልጎ ማን ያገኛል? ክርክሩን ከዜሮ ጀመርን። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የደረስነው እዚያው ድሮ የወሰንነው ላይ ነው። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፣ የኛ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተገኘው መፍትሔ መዝገቡን መዝጋት ሆነ!

እናቴ ሂርማታ አካባቢ ያለ እድር አባል ናት። ጸሐፊው ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ስንት ድንኳን፣ ስንት ብረት ድስት፣ ስንት አግዳሚ ወንበር እንዳለ በደብተር ሰፍሯል። ማን ከፈለ፣ ማን ውዝፍ አለበት፣ ደንቡ መቼ ተሻሻለ፣ ሁሉም አለ። አባላቱ ቡና ላይ ያወራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይደዋወላሉ። የተወሰነው ግን ደብተር ላይ ይገባል። ጸሐፊው ሲቀየር ደብተሩ በፊርማ ለተተኪው ይተላለፋል። ሐዘን ቤት ጥያቄ ሲነሣ ደብተሩ ይገለጥና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዳኛው ተነሥቶ «የቆየ ቃለ ጉባኤ ማን ያነባል?» ቢል አባላቱ በዚያው ቀን ሌላ ዳኛ ይመርጣሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ያላደገ ሰው የለም። ቴክኖሎጂ እናውቃለን የምንል ሰዎች ከእድር አንሰን መገኘታችን ያበግነኛል።

የኛ ነገር ደግሞ ከእድርም ይብሳል። የእድር አባል ዕድሜ ልኩን አባል ነው። የኛ ሰው ይመረቃል፣ ይመደባል፣ ይዛወራል፣ ያገባል። ዛሬ ኮዱን በቃሉ የሚያውቀው ልጅ የዛሬ ዓመት እዚህ ላይኖር ይችላል። የሚቀረን እሱ ጽፎ የተወልን ብቻ ነው።

የካቲት 2015 ዓ.ም.ስ ተረሳ? ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ነበር። ቪፒኤን ያለው ገባ፣ የሌለው ቀረ። ያኔ መዝገቡና ኢሜይሉ ስለነበሩን ሥራችን አልቆመም። ውጭ አገርም ቢሆን የቻት ቤት ይፈርሳል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ፍሪኖድ የሚባለው የቆየ የቻት ኔትወርክ በባለቤትነት ጸብ ታመሰ። አስተዳዳሪዎቹ ለቀው ሊቤራ ቻትን አቋቋሙ። በሊኑክስ ላይ የተሠራውን ኡቡንቱን ጨምሮ ብዙ ፕሮጀክት ተከትሏቸው ሄደ። እንደዚያ በአንዴ ጓዛቸውን ነቅለው መሄድ የቻሉት ዋናው ንብረታቸው ቻቱ ውስጥ ስላልነበረ ነው። እንግዲያው ስላክ የሚባለው የሥራ ቻት ይሁን የሚሉም አሉ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነጻው ስላክ ከ90 ቀን በፊት የተጻፈ አይታይም። አንድ ሴሚስተር እንኳ አይሞላም።

ጊትሃብ ለጀማሪ ይከብዳል፣ እንግሊዝኛ ነው የሚልም ሰምቻለሁ። ኢሹ በአማርኛ ይጻፋል። በአፋን ኦሮሞም ይጻፋል። አካውንት መክፈትና ኢሹ መጻፍ ለማሳየት አንድ በርጩማ ስቦ ከጀማሪው አጠገብ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል። ለዚያ ጊዜ ያጣ አስተባባሪ ስለ ጀማሪ ተቆርቁሬ ነው አይበለኝ። አጋሮ ያለ ልጅ ኪቦርዱ ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚሄደው ጎግል ላይ ነው። ግሩፓችን መኖሩን አያውቅም። ግሩፑ ውስጥ የተነጋገርነውም ጎግል ላይ አይመጣለትም። መዝገቡ ላይ የጻፍነውን ግን ስልክ ቁጥሩን ለማንም ሳይሰጥ ከፍቶ ያነበዋል። ስለ ጀማሪ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ይህንን ልጅ ያስብ።

ቴሌግራም ይጥፋ አላልኩም። ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሠራል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አለው። «ዛሬ ማታ ማን ነጻ ነው?» ለማለት ከሱ የሚሻል የለም። እዚያ እንጫወት፣ እዚያ እንከራከር። ክርክሩ ሲያልቅ ግን አንድ ሰው ምን እንደተወሰነና ለምን እንደተወሰነ በአምስት መስመር መዝገቡ ላይ ይጻፍ። አምስት መስመር! ቮይስ ለመቅዳት ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ነው።

መዝገቡ የሚዘጋው በመጪው ሰኞ ነው ተብሏል። ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ለአስተባባሪዎቹ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። እስከዚያ ግን በየማታው ቁጭ ብዬ የአራቱን ዓመት ኢሹ ሁሉ ከነአስተያየቱ እየገለበጥኩ ነው። የሦስቱን «ሀ» ጉዳይም ቦንጋ ላለው ወንድማችን ደውዬ እንደገና አስነግሬው በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ቅጂ የሚፈልግ ይጠይቀኝ፣ በፍላሽ እሰጠዋለሁ።